ስድስት ሰዓት ላይ፣ በቁርበት ፋቂው ቤት

የሐዋርያት ሥራን በእንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው ሰዓቱን በሐሳቡ መቀየር ግድ ይለዋል። ስድስተኛው ሰዓት ማለት እኩለ ቀን መሆኑን ከግርጌ ማስታወሻ ነው የሚማረው። እኛ ግን ማስታወሻ አንፈልግም። ስድስት ሰዓት ስድስት ሰዓት ነው፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ፣ ምሳ ሊደርስ ሲል፣ ሆድ መጮኽ ሲጀምር። ጴጥሮስ ኢዮጴ ከተማ ውስጥ ሊጸልይ ጣሪያ ላይ የወጣው በዚህ ሰዓት ነበር። ርቦታል። ምግቡ ገና እየተሰናዳ ነው። ቤቱ ደግሞ የስምዖን ነው፤ የቁርበት ፋቂው።

ይቺን "ፋቂ" የምትል ቃል ዝም ብሎ ማለፍ ይከብዳል። በአማርኛ ምን ተሸክማ እንደኖረች እናውቃለና። ፋቂ አገር ሁሉ የሚተኛበትን ቁርበት፣ እህል የሚጫንበትን ስልቻ፣ የፈረሱን ኮርቻ ይሠራል፤ ስሙ ግን ስድብ ሆኖ ኖሯል። ቤቱ ከመንደር ዳር ነው፤ ልጁንም ደፍሮ የሚያገባ የለም። በአይሁድ ዘንድም ሙያው የተከበረ አልነበረም። ሽታው አለ፣ በዚያ ላይ የሞተ እንስሳ መንካት አለ። ሚሽና የሚባለው የአይሁድ ሕግ ስብስብ ቆዳ ማልፊያ ከከተማ 50 ክንድ ይራቅ ይላል። የስምዖንም ቤት ባሕሩ ዳር ነበር። እንግዲህ ጴጥሮስ ራእዩ ገና ሳይመጣ አንድ እግሩ ከመስመሩ ወጥቶ ነበር ማለት ነው። ምናልባት እሱ ራሱም ልብ አላለው ይሆናል። ሰው የሚለወጠው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ማደሪያው ይለወጣል፣ ሐሳቡ በኋላ ይደርስበታል።

ኢዮጴ ሌላም ታሪክ አላት። ነቢዩ ዮናስ ወደ ነነዌ ላለመሄድ መርከብ የተሳፈረው ከዚችው ወደብ ነው። እግዚአብሔር ለባዕድ ሕዝብ ይራራል ብሎ ስለፈራ ሸሸ። ጴጥሮስ ደግሞ የአባቱ ስም ዮና ነው።

ራእዩን ሁላችንም እናውቀዋለን። አራት ጫፉ የተያዘ ሰፊ ጨርቅ የመሰለ ነገር ከሰማይ ወረደ። ውስጡ እንስሳ ሞልቷል፤ በእግሩ የሚሄድ፣ በደረቱ የሚሳብ፣ በክንፉ የሚበር፣ ንጹሕ የተባለው ርኩስ ከተባለው ጋር ተደባልቆ። አርደህ ብላ ተባለ። ጴጥሮስ እምቢ አለ። ድምፁ ከየት እንደመጣ እያወቀ፣ ጌታ ብሎ እየጠራው፣ እምቢ አለ። ነገሩ ሦስት ጊዜ ተደጋገመ። ከዚያ ጨርቁ እንደነበረ ወደ ላይ ተመለሰ። ከውስጡ የተበላ ነገር የለም።

ይህ ታሪክ ሲሰበክ የጴጥሮስ እምቢታ እንደ ግትርነት ይታለፋል። "አያችሁ፣ ወግ አጥባቂነት እንዲህ ነው" ይባልና ወደ ሚቀጥለው ነጥብ። እኔ ግን እዚያ ላይ ቆም ማለት ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም የምግብ ሕጉ ለጴጥሮስ እንዲያው የቆየ ልማድ አልነበረም። ሰው የሞተበት ነገር ነው።

ወደ ኋላ 200 ዓመት ገደማ እንሂድ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ167 ዓመት (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የሶርያው ንጉሥ አንጥዮኮስ አራተኛ የአይሁድን ሕግ በአዋጅ ከለከለ። ግዝረት ተከለከለ፣ ሰንበት ተከለከለ፣ በቤተ መቅደሱ መሠዊያ ላይ የጣዖት መሥዋዕት ቀረበ። የግሪኩ መጽሐፈ መቃብያን እንደሚተርከው ልጆቻቸውን ያስገረዙ እናቶች ከነሕፃኖቻቸው ተገደሉ። (የእኛ ቤተ ክርስቲያን መቃብያን ስሙ ይመሳሰላል እንጂ ሌላ መጽሐፍ ነው።) አልዓዛር የሚባል የ90 ዓመት ሽማግሌ የእሪያ ሥጋ አልበላም አለ። የሚያውቁት ሰዎች አዘኑለትና፣ ሌላ ሥጋ እናምጣልህ፣ አንተ የበላህ ምሰል አሉት። ልጆች ያዩኛል፣ አላስመስልም ብሎ ሞተ። ከእሱ ቀጥሎ አንዲት እናት ሰባት ወንዶች ልጆቿ በአንድ ቀን ዓይኗ እያየ ሲሞቱ ቆማ አበረታታቻቸው፤ ሁሉም ለአንድ ጉርሻ ሥጋ።

እንግዲህ እንደዚህ ዓይነት ታሪክ እየሰማ ያደገን ሰው በአንድ ቀትር "ብላ" ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። የእነዚያ ሰባት ልጆች ደም በከንቱ ፈሰሰ ወይ ብሎ ቢጠይቅ ምን ይመለስለታል?

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይሄን ማስረዳት ቀላል ነው። ክርስቲያኑ በሥላሴ ስም የታረደውን ይበላል፣ ሙስሊሙ በቢስሚላህ የታረደውን። ጎረቤታሞቹ ቡና ይጠጣሉ፣ ለቅሶ ይደራረሳሉ፣ ዕቁብ ይጥላሉ፣ አንዱ የሌላውን ልጅ ያሳድጋል። ሥጋው ላይ ሲደርስ ግን በቃ። ሠርግ የደገሰ ሰው ለሌላው ወገን ለብቻው ያሳርዳል፣ ድስቱም ለብቻ ይጣዳል፤ ይህም የመከባበር ምልክት ነው። ማንም አልተናቀም። አሁን አንድ ሽማግሌ ከጸሎት ተነስቶ "ከዛሬ ጀምሮ ድስቱን ቀላቅሉት ተብያለሁ" ቢል በመንደሩ የሚሆነውን ለመገመት ብዙ ምናብ አይጠይቅም። እኔ ራሴ ሽማግሌውን የማምነው አይመስለኝም።

ጴጥሮስ በራእዩ ግራ ገብቶት ሳለ በር ተንኳኳ። ሦስት ሰዎች ከቂሣርያ መጥተዋል፤ የላካቸው ቆርኔሌዎስ የሚባል መቶ አለቃ ነው።

ቂሣርያ ከኢዮጴ በስተ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ታላቁ ሄሮድስ ከአሸዋማ ዳርቻ ላይ ያስነሳት፣ ለአውግስጦስ ቄሣር ክብር የሰየማት ከተማ ናት። ወደቧን የሠራው ከጣልያን የመጣ የእሳተ ገሞራ አመድ የተቀላቀለበት፣ ውኃ ውስጥ የሚጠነክር ኮንክሪት ባሕር ውስጥ እያስጣለ ነው። የአውግስጦስ ቤተ መቅደስ ከወደቡ ፊት ለፊት ቆሟል። ሮማዊው ገዥ የሚቀመጠው እዚሁ ነው። የጲላጦስ ስም የተቀረጸበት ድንጋይም በ1961 የተገኘው ከዚችው ከተማ ፍርስራሽ ነው። ባጭሩ የወራሪው መቀመጫ ነች። ቆርኔሌዎስ ደግሞ በስሙ መቶ፣ በተግባር ወደ 80 ወታደር የሚያዝ የዚያ ጦር መኮንን ነው። ክፍሉ ምን ይባላል? የኢጣልያ ጭፍራ።

ይህ ስም ለእኛ ጆሮ የሚያሰማው ድምፅ አለ። በወረራው ዘመን አባቱ ዱር የገባበት ልጅ፣ ኢጣልያዊ መኮንን ቤት ገብተህ ማዕድ ቁረስ ቢባል ብላችሁ አስቡት። በዚያው ሰሞን፣ በ40 ዓ.ም. ገደማ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ካሊጉላ የራሱ ሐውልት በኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ውስጥ እንዲቆም አዝዞ አይሁድ ከዳር እስከ ዳር ለሞት ተነስተው ነበር። የሶርያው ገዥ ፔጥሮንዮስ እያመነታ ሲያዘገየው ካሊጉላ በጥር 41 ተገደለና ነገሩ በረደ። የአንጥዮኮስ ቁስል ሊያመረቅዝ ጥቂት ነበር የቀረው።

ቆርኔሌዎስ ግን ክፉ ሰው አልነበረም። እግዚአብሔርን የሚፈራ፣ የሚጸልይ፣ ምጽዋት የሚሰጥ ሰው ነው። እንዲህ ያሉ ሰዎች በየከተማው ነበሩ፤ የአይሁድን አምላክ ወደዱ፣ ምኩራብ ሄዱ፣ ግን አልተገረዙም። ቱርክ ውስጥ አፍሮዲስያስ ከሚባል ቦታ የተገኘ፣ በኋላ ዘመን የተቀረጸ አንድ ድንጋይ ከአይሁድ ስም ዝርዝር አጠገብ "እግዚአብሔርን የሚፈሩ" በሚል ርእስ የሌሎችን ስም ለይቶ ይዟል። ለየብቻ መዘርዘሩን ልብ በሉ። ሰዎቹ ይወደዳሉ፣ ይመሰገናሉ፣ ደጅ ላይ ይቆማሉ። በኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስም ባዕድ ሰው ከዚህ አጥር ቢያልፍ ለሞቱ ተጠያቂው ራሱ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ በግሪክኛ ተቀርጾ ነበር፤ ድንጋዩ በ1871 ተገኝቶ ዛሬ ኢስታንቡል ሙዚየም ውስጥ ይገኛል።

ጴጥሮስ ሄደ። ብቻውን ግን አልሄደም፤ ስድስት ወንድሞችን ከኢዮጴ አስከተለ። ይህ ቁጥር እንደ ተራ ዝርዝር ይታለፋል እንጂ ብልህነቱ እዚህ ላይ ነው። ሕጉ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ይበቃል ሲል እሱ ስድስት ያዘ። ራእይ ያየ ሰው ምስክር ሲፈልግ ደስ ይለኛል። በራእዩ የተማመነ ሰው ምስክር ምን ያደርግለታል ትሉ ይሆናል፤ ጴጥሮስ ግን ኢየሩሳሌምን ያውቃታል።

ቤቱ ገባ። ቤተ ዘመድና ወዳጅ ተሰብስቦ ይጠብቀዋል። የመጀመሪያ ንግግሩ ጨዋነት ይጎድለዋል፤ አይሁዳዊ ከባዕድ ጋር እንዲህ መቀላቀል እንዳልተፈቀደለት እናንተም ታውቃላችሁ እያለ ነው የጀመረው። እንግዳ ተጋብዞ መጥቶ "መምጣት አልነበረብኝም" እንደማለት። ከዚያ ስለ ኢየሱስ ማስተማር ጀመረ። ገና ሳይጨርስ፣ ማንም ሳይጠመቅ፣ ማንም እጁን ሳይጭን መንፈስ ቅዱስ በሰዎቹ ላይ ወረደ። ስድስቱ ምስክሮች ደነገጡ።

ለምን ደነገጡ? ቅደም ተከተሉ ስለተገለበጠ ነው። በሰማርያ ሰዎች መጀመሪያ ተጠመቁ፣ በኋላ ሐዋርያት እጅ ጭነውባቸው መንፈስ ቅዱስን ተቀበሉ። ያ ሥርዓት ነው፤ ደረጃ አለው፣ የሚፈቅድና የሚከለክል ሰው አለው። እዚህ ቤት ግን ለጴጥሮስ የሚፈቅደውም የሚከለክለውም ነገር አልተረፈለትም። የቀረው የውኃው ነገር ብቻ ነው። እሱም ውኃውን የሚከለክል አለ ወይ ብሎ ጠየቀ፤ መልስ የሰጠም የለም።

ኢየሩሳሌም ሲመለስ ግን መልስ የሚሰጡ ሞልተዋል። ክሱን ልብ በሉት፤ ለምን አጠመቅሃቸው አላሉትም። ካልተገረዙ ሰዎች ቤት ገብተህ በላህ ነው ያሉት። ትልቁ ጉዳይ ምሳው ሆነ! መጀመሪያ ስመለከተው አስቂኝ ይመስለኝ ነበር፤ ሳሰላስለው ግን ትክክለኛውን ቦታ ነው የያዙት። ጥምቀት በአንድ ቀን ያልቃል። ገበታ በየቀኑ ይቀርባል።

ይህን ለማየት ከቆርኔሌዎስ በፊት የተጠመቀውን የእኛን ጃንደረባ አስታውሱ። ("ኢትዮጵያ" በግሪኮቹ አፍ ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለው የጥቁር ሕዝብ አገር ነው፤ ሕንደኬም የመርዌ ነገሥታት ሴቶች ማዕረግ ነበር።) ይህ ሰው ሊሰግድ ያን ሁሉ መንገድ መጥቷል። ዘዳግም 23 ግን የተሰለበ ሰው ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ አይግባ ይላል። ኢሳይያስን በሠረገላ ላይ እያነበበ ሲመለስ ፊልጶስ አገኘውና እዚያው መንገድ ዳር በተገኘ ውኃ አጠመቀው። ያነበበው ጥቅልል ጥቂት ወረድ ብሎ ጃንደረቦች በእግዚአብሔር ቤት ስም እንደሚሰጣቸው ተስፋ አለው። ፊልጶስን ግን "ለምን?" ብሎ የጠየቀ የለም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጃንደረባው ደስ ብሎት ወደ አገሩ ሄደ። የራቀ ሰው ገበታ አይጋራም። እግዚአብሔር ሩቅ አገር የሚሠራውን ሥራ መቀበል ለማንም አይከብድም። ቆርኔሌዎስ ግን ሁለት ቀን መንገድ ላይ ነው ያለው፣ ነገ ሊመጣ ይችላል።

ጴጥሮስ በክርክር አልመለሰላቸውም። ከመጀመሪያው ጀምሮ የሆነውን በተራ በተራ ተረከላቸው፤ ስድስቱንም አቀረበ። እግዚአብሔርን እከለክል ዘንድ እኔ ማን ነበርኩ ብሎ ጨረሰ። ዝም አሉ፤ ከዚያም አመሰገኑ። ዝምታውን የጻፈው ሉቃስ ነው፤ እኔም ከምስጋናው ይልቅ ዝምታውን አምነዋለሁ።

ነገሩ በዚህ አላለቀም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ49 ገደማ፣ ጥያቄው እንደገና ፈነዳ። ከይሁዳ የመጡ ሰዎች አንጾኪያ ላይ፣ ካልተገረዛችሁ አትድኑም ብለው አስተማሩ። ጳውሎስና በርናባስ ኢየሩሳሌም ወጡ፤ ብዙ ክርክር ሆነ። ጴጥሮስ የቂሣርያውን ነገር አነሳ፣ ሁለቱም በአሕዛብ መካከል ያዩትን ተናገሩ፣ በመጨረሻ የጌታ ወንድም ያዕቆብ ተነሳ። ያዕቆብ ደግሞ ለሕጉ ቀናኢ ነው ተብሎ የሚታወቅ ሰው ነው፤ እሱ ከፈቀደ ሌላው የሚለው የለውም። ያዕቆብ አሞጽን ጠቀሰ። አሞጽ ከዚያ በፊት ከ700 ዓመት በላይ ሲነበብ የኖረ ነቢይ ነው። የጠቀሰውም ቃል ከግሪክኛው ትርጉም ጋር ይሄዳል፤ ዕብራይስጡ የኤዶምያስን ቅሬታ ስለ መውረስ ሲናገር ግሪክኛው የቀሩት ሰዎች ጌታን ስለ መፈለጋቸው ይናገራል። ሁሉም ሲያነበው ኖሯል። ቂሣርያ ላይ የሆነው ባይሆን ኖሮ ግን እዚያ ስብሰባ ላይ ያን ጥቅስ የሚያነሳ ይኖር ነበር ብዬ አላስብም። መጀመሪያ ሥራው መጣ፣ መጽሐፉን ከዚያ ተነስተው እንደገና ከፈቱት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማለት አለብኝ። የጴጥሮስን ራእይ የአዲስ ነገር ሁሉ ማለፊያ ወረቀት የሚያደርጉ ሰዎች አሉ። "እግዚአብሔር አዲስ ነገር እየሠራ ነው" ይልና አንዱ ይነሳል፤ የጠየቀውን ሁሉ ፈሪሳዊ ይለዋል። የኢየሩሳሌሙ ታሪክ ግን ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው አይመችም። ጴጥሮስ ተጠየቀ፣ ቆሞ መለሰ፣ ምስክር አቀረበ፣ በዓመታት ውስጥ እንደገና ተከራከሩበት፣ ከመጽሐፍ ጋር አስተያዩት። ራእዩም ጴጥሮስን አልጠቀመውም፤ ገንዘብ አላስገኘለትም፣ ከወዳጆቹ ጋር አጣላው እንጂ። ይህን መለኪያ ይዛችሁ በየስክሪናችሁ የምታዩትን ነቢይ ብትመዝኑት የሚቀር ብዙ አይመስለኝም።

ውሳኔውም ሁለቱንም ወገን የሚያስከፍል ነበር። አሕዛብ አይገረዙ፤ ነገር ግን ለጣዖት ከተሠዋ፣ ከደም፣ ከታነቀና ከዝሙት ይራቁ። ከአራቱ ሦስቱ የገበታ ጉዳይ ናቸው። ያልተገረዘውና የተገረዘው አብረው እንዲበሉ እያንዳንዱ የሆነ ነገር ትቶ ይምጣ እንደ ማለት ነው።

ውሳኔ ግን ወረቀት ነው። ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች እንደጻፈው ጴጥሮስ አንጾኪያ በነበረ ጊዜ ከአሕዛብ ጋር አብሮ ይበላ ነበር፤ ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች ሲመጡ ግን ፈርቶ ቀስ እያለ ከገበታው ራቀ። ሌሎቹ አይሁድ ተከተሉት፣ በርናባስ እንኳ ሳይቀር። ይህ ከኢየሩሳሌሙ ጉባኤ በፊት ነው ወይስ በኋላ በሚለው ላይ ምሁራን እስከ ዛሬ አይስማሙም። በፊትም ይሁን በኋላ፣ ጨርቁን ያየው፣ ቂሣርያ የገባው ሰው ያው ጴጥሮስ ነው። ጳውሎስ በሁሉ ፊት ተቃወመው። ጴጥሮስ ምን እንደመለሰ፣ ወደ ገበታውም ይመለስ አይመለስ ጳውሎስ አይነግረንም። የጴጥሮስን ፍርሃት ግን መረዳት ይቻላል፤ ያዕቆብን ራሱን እንኳ በ62 ሊቀ ካህናቱ ሐናን ሕግ ተላልፏል ብሎ በድንጋይ አስወግሮታል። ቂሣርያ ውስጥ በ66 አይሁድና ግሪኮች ተጋጩ፤ ታሪክ ጸሐፊው ዮሴፈስ በአንድ ሰዓት ውስጥ 20,000 አይሁድ ተገደሉ ይላል። ገበታው የተዘረጋው እንዲህ ባለ አገር ላይ ነበር።

የእኛ አገር ከዚህ ጥያቄ ጋር የተፋጠጠው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በ1555 ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን አፄ ገላውዴዎስ ግቢ መጥተው፣ ትገረዛላችሁ፣ ቅዳሜን ታከብራላችሁ፣ እሪያ አትበሉም፣ እናንተ አይሁድ ናችሁ አሉ። ንጉሡ በግዕዝ አጭር የሃይማኖት መግለጫ ጻፈ። ግዝረት የአገር ልማድ ነው አለ፤ ፊት እንደ መብጣት፣ ጆሮ እንደ መብሳት። የእሪያንም ሥጋ ሕግ ከልክሎን አይደለም፤ የሚበላውን አንነቅፍም፣ የማይበላውንም አናስገድድም ሲል ጻፈ። በጦርነት መሐል የሚኖር ንጉሥ (ከአራት ዓመት በኋላም በጦር ሜዳ ነው የሞተው) ልማዱን ሳይጥል ልማዱን ከመዳን በር ላይ አነሳው። የኢየሩሳሌም ሽማግሌዎች ቢያነቡት የሚገባቸው ይመስለኛል።

የቀረው ዓለም ግን ወደ ሌላ ሄደ። ከአሕዛብ የመጡት በዙ፤ ሳይገረዙ ይግቡ የተባሉት ሰዎች ልጆች ቤቱን ወረሱ። በሁለተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የአንጾኪያው ኤጲስ ቆጶስ አግናጥዮስ ክርስቶስን እያመኑ የአይሁድን ሥርዓት መጠበቅ አይገባም ብሎ ጻፈ። በአራተኛው መቶ ዓመት የሎዶቅያ ጉባኤ ክርስቲያን ቅዳሜ ከሥራ አይረፍ፣ ከአይሁድም ቂጣ አይቀበል አለ። በ386 እና በ387 ደግሞ ዮሐንስ አፈወርቅ፣ ያኔ ገና ቄስ ሳለ፣ ስምንት ተከታታይ ስብከት ሰበከ። ያስቸገሩት የራሱ ምእመናን ናቸው፤ የአይሁድ በዓል ሲመጣ ምኩራብ ይሄዳሉ፣ አብረው ይጾማሉ፣ አብረው ያከብራሉ። አፈወርቅ በእጅጉ መረረ። የሄደውን ወንድማችሁን ፈልጋችሁ አምጡት፣ ቤቱ ድረስ ሄዳችሁ አስቀሩት እያለ አዘዘ። ከተማዋ አንጾኪያ ነበረች፤ ጴጥሮስ ከገበታው ብድግ ያለባት።